የጠፈር ልብስ አጀማመርና ዕድገት፦ ከአውሮፕላን አብራሪዎች እስከ ጨረቃ

በፎቶግራፍና በፊልም የሚታየው ነጭና ግዙፍ የጠፈርተኞች ልብስ ለብዙዎች ከብርድ የሚከላከል ወፍራም ካፖርት ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን የጠፈር ልብስ አንድን ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ከለባሹ ጋር የሚታጠፍና የሚዘረጋ ትንሽ መንኮራኩር ነው። ለለባሹ ኦክስጅን ያቀርባል፤ የአየር ግፊትን ይጠብቃል፤ ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወግዳል፤ ሙቀትን ያመጣጥናል፤ ከፀሐይ ጨረርና በከፍተኛ ፍጥነት ከሚበሩ ጥቃቅን የጠፈር ድንጋዮችም ይከላከላል።

ይህ ልብስ በአንድ ሰው ሐሳብ በአንድ ጊዜ የተፈጠረ አይደለም። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በነበሩት አርባ ያህል ዓመታት ውስጥ በተለያዩ አገሮች በመሐንዲሶች፣ በሐኪሞች፣ በአብራሪዎችና በልብስ ሰፊዎች ጥረት ደረጃ በደረጃ ያደገ ነው። ዛሬ በልብሱ ላይ ከሚታዩት ክፍሎች አብዛኞቹ የአንድ የከሸፈ ሙከራ ወይም የአንድ አደጋ ትምህርት ውጤቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የጠፈር ልብስ ለምን እንዳስፈለገ፣ እንዴት እንደተጀመረና በምን ዓይነት ፈተናዎች ውስጥ አልፎ ለጨረቃ ጉዞ እንደበቃ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠፈር ልብስ ለምን አስፈለገ?

በምድር ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ባያስተውለውም፣ ከላዩ ያለው አየር ይጫነዋል። ይህ ጫና የከባቢ አየር ግፊት ይባላል። የሰው አካል ከዚህ ግፊት ጋር ተመጣጥኖ የተሠራ ነው። ኦክስጅን በሳንባ በኩል ወደ ደም የሚገባውም ሆነ በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ በፈሳሽነቱ የሚቆየው ግፊቱ በመኖሩ ነው። ወደ ላይ ከፍ በተባለ ቁጥር ግን ከበላይ ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም አብሮ ይቀንሳል።

የዚህን ውጤት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በባሕር ጠለል አካባቢ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በደጋ አካባቢ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ የውኃ የመፍያ ሙቀት መውረዱን ይቀጥላል። ከባሕር ጠለል በላይ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደረስ ውኃ በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በጤናማ ሰው የሰውነት ሙቀት ይፈላል። ከዚህ ከፍታ በላይ ያለ መከላከያ የተገኘ ሰው ምራቁና እንባው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ሰውነቱም ያብጣል። ባዶ በሆነው ጠፈር ደግሞ ኦክስጅን ስለሚያጣ ከ10 እስከ 15 ባሉ ሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በ1966 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ፣ አየሩ ተመጥጦ እንደ ጠፈር ባዶ በተደረገ የሙከራ ክፍል ውስጥ የጠፈር ልብስ በመሞከር ላይ የነበረ አንድ ባለሙያ ልብሱን በአየር የሚሞላው ቱቦ በድንገት ተላቀቀበት። ባለሙያው በ14 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ። የሥራ ባልደረቦቹ ወደ ክፍሉ በፍጥነት አየር በማስገባታቸው ሕይወቱ ተረፈ። ባለሙያው ከመውደቁ በፊት በመጨረሻ የሚያስታውሰው ነገር ምላሱ ላይ የነበረው ምራቅ ሲፈላ የተሰማው ስሜት እንደሆነ በኋላ ተናግሯል።

መፍትሔው ሰውየውን አየር በማያስወጣ ልብስ ውስጥ አድርጎ ልብሱን በአየር መሙላት ይመስላል። ሆኖም ትልቁ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአየር የተሞላ ልብስ እንደተነፋ ጎማ ይጠነክራል። ለባሹ ክንዱን ሲያጥፍ በልብሱ ውስጥ ያለው ቦታ ስለሚጠብ የታመቀው አየር ክንዱን መልሶ ለመዘርጋት ይገፋል። አንድ ጣት ለማጠፍ እንኳ ጉልበት ይጠይቃል። ግፊቱ ከፍ ሲል ለባሹ መንቀሳቀስ ይሳነዋል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የጠፈር ልብስ ታሪክ በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ተጻራሪ ፍላጎቶች ለማስታረቅ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ጅማሮው፦ ከፍታን የደፈሩ አብራሪዎች

ሰው ወደ ጠፈር ከመውጣቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ይህ ችግር የገጠማቸው የአውሮፕላን አብራሪዎች ነበሩ። በ1933 ብቻውን ዓለምን በአውሮፕላን በመዞር የመጀመሪያው ሰው የሆነው አሜሪካዊው ዋይሊ ፖስት፣ በከፍተኛ የአየር ክልል የሚነፍሰውን ኃይለኛ ነፋስ በመጠቀም በፍጥነት ለመብረር አቅዶ ነበር። አውሮፕላኑ ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ የአየር ግፊትን በውስጡ አምቆ መያዝ አይችልም ነበር። ስለዚህ ፖስት አውሮፕላኑን በመለወጥ ፈንታ አየሩን በልብሱ ውስጥ ለመያዝ ወሰነ። ለዚህም የጎማ ውጤቶች አምራች ወደሆነው ጉድሪች ኩባንያ ሄደ።

በ1934 የተሠራው የመጀመሪያው ልብስ በሙከራ ወቅት አየር አስወጣ። ሁለተኛው ደግሞ ከመጥበቡ የተነሣ ፖስት ከገባበት መውጣት ስላቃተው ልብሱ ተቀድዶ እንዲወጣ ተደረገ። ሦስተኛውን ልብስ የነደፈው ራስል ኮሊ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ነው። ኮሊ ልብሱን በሁለት ክፍል ሠራው፤ ውስጠኛው አየር የሚይዝ ጎማ፣ ውጨኛው ደግሞ ጎማው እንዳይለጠጥ የሚገታ ጠንካራ ጨርቅ ሆነ። ከሁሉም በላይ ልብሱ የተቀረፀው በቆመ ሰው ሳይሆን በተቀመጠ ሰው ቅርፅ ነበር። አብራሪ ሥራውን የሚያከናውነው ተቀምጦ ስለሆነ ልብሱ ሲነፋ በተቀመጠበት ቅርፅ ይጸናል። በዚህ ልብስ ፖስት በዚያው ዓመት መስከረም ወር በቺካጎ ሰማይ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደርሷል።

በተመሳሳይ ወቅት የስፔን የጦር መኮንንና መሐንዲስ የነበረው ኤሚልዮ ኤሬራ በፊኛ ወደ ከፍተኛው የአየር ክልል ለመውጣት የሚያስችል የግፊት ልብስ በ1935 ሠርቶ ነበር። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት የተቀሰቀሰው የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በረራውን አስቀረው።

ኮሊ ሥራውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም ቀጠለ። የተነፋ ልብስ በመጋጠሚያ ላይ እንዴት ሊታጠፍ እንደሚችል ሲያስብ በአትክልት ቦታው ላይ በቲማቲም ተክል ላይ የሚገኝ አባጨጓሬ ሲንቀሳቀስ አስተዋለ። አባጨጓሬው ሰውነቱ በፈሳሽ የተሞላ ቢሆንም፣ ተከታታይ ቀለበቶች ስላሉት ሳያብጥና ሳይጠብ በቀላሉ ይታጠፋል። ኮሊ ይህንኑ አሠራር በመውሰድ በክርንና በጉልበት ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፉ ቀለበታማ መጋጠሚያዎችን ሠራ። ከሃያ ዓመታት በኋላ ለጨረቃ ጉዞ የተሠራው ልብስም በመሠረቱ የዚህን ዓይነት መጋጠሚያ የያዘ ነው።

ግፊትን ጠብቆ የመቆየት ጉዳይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ የሚያሳይ ሌላ ሁነት በነሐሴ 1960 ተከሰተ። የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ የነበረው ጆሴፍ ኪቲንገር በፊኛ ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ በፓራሹት ለመዝለል በመውጣት ላይ ሳለ የቀኝ እጁ ጓንት ግፊት አልያዘም። እጁ አብጦ ከጥቅም ውጭ ቢሆንም ሙከራው እንዳይቋረጥ በመሥጋት ወዲያው ሳይናገር ጉዞውን ቀጠለ። ወደ ምድር ከተመለሰ በኋላ እጁ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ተመልሷል። አንድ ጓንት ብቻ የፈጠረው ይህ ጉዳት መላ ሰውነት ለባዶው ሰማይ ቢጋለጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል ግልጽ ያደረገ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጠፈርተኞች ልብሶች

ሚያዝያ 12 ቀን 1961 ሶቪየት ኅብረት ዩሪ ጋጋሪንን ወደ ጠፈር ስትልክ የለበሰው ልብስ ዋነኛ ተግባሩ መጠባበቂያ መሆን ነበር። የመንኮራኩሩ ክፍል የራሱ አየርና ግፊት ስላለው ልብሱ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ የሚውለው ክፍሉ አየር ቢያፈስ ብቻ ነው። ከላይ የተደረበው ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሽፋን አነፍናፊ ቡድኖች በቀላሉ እንዲያዩት ታስቦ የተመረጠ ነው። ጋጋሪን በመመለሻው ላይ በ7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከመንኮራኩሩ ተወንጭፎ በመውጣት በፓራሹት ያረፈ በመሆኑ ልብሱ ለዚህ ክፍል ጉዞም አስፈላጊ ነበር።

የአሜሪካ የሜርኩሪ መርሐ ግብር ጠፈርተኞች ልብስም እንዲሁ ከባሕር ኃይል አብራሪዎች የግፊት ልብስ የተወሰደና በኮሊና በባልደረቦቹ የተሻሻለ ነበር። የልብሱ ብርማ መልክ ከጨርቁ ላይ ከተለበጠው የአሉሚኒየም ቅብ የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ጠፈርተኛ በልኩ የሚሰፋ ሲሆን፣ የጓንቶቹ ጣቶች የመቆጣጠሪያ ዘንግ ለመያዝ እንዲመቹ አስቀድመው ጎበጥ ተደርገው ተሠርተዋል። የመካከለኛው ጣት ግን የመሣሪያ ቁልፎችን ለመጫን እንዲያገለግል ቀጥ እንዲል ተደርጓል። በሜርኩሪ በረራዎች ሁሉ የመንኮራኩሩ ክፍል ግፊት ስላልጎደለ ልብሱ በመጠባበቂያነቱ ሥራ ላይ የዋለበት አጋጣሚ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ልብሱ በምድርም ሆነ በባሕር ላይ ያልታሰቡ ችግሮችን አሳይቷል። ግንቦት 5 ቀን 1961 አላን ሼፐርድ ወደ ጠፈር የተላከው ለ15 ደቂቃ ያህል በረራ ስለነበር በልብሱ ውስጥ የሽንት መያዣ አልተዘጋጀም። የመነሻው ሰዓት በተደጋጋሚ በመራዘሙ ግን ሼፐርድ ከአራት ሰዓት በላይ በመንኮራኩሩ ውስጥ ታስሮ ለመቆየት ተገደደ፤ በመጨረሻም በልብሱ ውስጥ ከመሽናት ሌላ አማራጭ አጣ። ከዚህ በኋላ ለተፈጥሮ ግዳጅ የሚሆን መያዣ የልብሱ አካል ሆነ።

በሐምሌ 21 ቀን 1961 ደግሞ ገስ ግሪሶም በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እንዳረፈ የመንኮራኩሩ በር ሳይጠበቅ ተፈንቅሎ ወጣ። ግሪሶም ወደ ባሕሩ ዘሎ ቢያመልጥም፣ በልብሱ ላይ ያለው የኦክስጅን ማስገቢያ ቀዳዳ ክፍት ስለነበር ልብሱ በውኃ እየተሞላና እየከበደ ሄደ። በሄሊኮፕተር የተነሣው ሊሰምጥ ጥቂት ሲቀረው ነው። መንኮራኩሩ ግን ሰመጠ፤ ከውቅያኖሱ ወለል የወጣውም ከ38 ዓመታት በኋላ ነበር። ለጠፈር የተሠራ ልብስ በባሕር ላይም ሕይወት ማዳን እንዳለበት ከዚህ አደጋ ትምህርት ተወስዷል።

ከመንኮራኩር ውጭ የነበሩት 12 ደቂቃዎች

ልብሱ ከመጠባበቂያነት ወጥቶ የሰውን ሕይወት ብቻውን የተሸከመው መጋቢት 18 ቀን 1965 ነው። በዚያ ዕለት ሶቪየታዊው አሌክሴይ ሌዎኖቭ ቮስሆድ 2 ከተባለችው መንኮራኩር ወጥቶ በታሪክ የመጀመሪያውን የጠፈር ላይ ጉዞ አደረገ። ባልደረባው ፓቬል ቤልያዬቭ በውስጥ ሆኖ ይከታተለው ነበር። ሌዎኖቭ የወጣው ከመንኮራኩሯ ጎን በተገጠመና በአየር በሚነፋ መሸጋገሪያ ክፍል በኩል ሲሆን፣ ከመንኮራኩሯ ጋር የሚያገናኘው ከአምስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ገመድ ብቻ ነበር።

ወደ ውስጥ ለመመለስ ሲሞክር በምድር ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በዚህ መጠን ያልታየ ችግር ገጠመው። በባዶው ጠፈር ልብሱ ተነፍቶ ተወጥሮ ነበር። እጆቹ ከጓንቶቹ ጣቶች፣ እግሮቹም ከጫማዎቹ ውስጥ እየወጡ ስለነበር ገመዱን በቅጡ መጨበጥ አቃተው። ጭኑ ላይ ያለውን የፎቶግራፍ ማንሻ ቁልፍ እንኳ መድረስ አልቻለም። በዚህ ሁኔታ ወደ ጠባቧ መሸጋገሪያ ክፍል መግባት የማይቻል ነበር፤ የቀረውም የኦክስጅን መጠን የተወሰነ ነው።

ሌዎኖቭ በቀጥታ ከመሬት ፈቃድ ሳይጠይቅ በልብሱ ላይ ባለው ቫልቭ አየር እያስወጣ ግፊቱን ከ0.4 ወደ 0.27 የከባቢ አየር ግፊት ገደማ ዝቅ አደረገ። ውሳኔው አደገኛ ነበር፤ ግፊት በድንገት ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሕመምና ሞት ሊያስከትል ይችላል። ሆኖም አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍስ በመቆየቱ አደጋው ቀንሶለት ነበር። ልብሱ ሲላላ ከታቀደው በተቃራኒ በጭንቅላቱ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በሩን ለመዝጋትም በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሰውነቱን አጥፎ ለመዞር ተገደደ። ከመንኮራኩሯ ውጭ የቆየው 12 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም በላብ ተዘፍቆ ነበር።

ከሌዎኖቭ ልምድ ሁለት ነገሮች ግልጽ ሆኑ። አንደኛው ሰው በጠፈር ልብስ ተማምኖ ከመንኮራኩር ውጭ በሕይወት መቆየት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሕይወት መቆየትና ሥራ መሥራት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው ነው።

የድካምና የሙቀት ፈተና

ሰኔ 3 ቀን 1965 አሜሪካዊው ኤድ ዋይት ከጀሚኒ 4 ወጥቶ ከ20 ደቂቃ በላይ በጠፈር ላይ ቆየ። ልብሱን የሠራው ዴቪድ ክላርክ ኩባንያ ቀደም ሲል የሴቶች የውስጥ ልብስ በማምረት ላይ የተሠማራ ነበር። ኩባንያው አየር በሚይዘው ክፍል ላይ እንደ መረብ የተሠራ ጨርቅ በመደረብ ልብሱ ሳያብጥ እንዲታጠፍ አድርጓል። የዋይት ጉዞ በመልካም ሁኔታ ስለተጠናቀቀ ቀጣዩ ሥራ ቀላል እንደሚሆን ብዙዎች ገምተው ነበር።

ግምቱ ስህተት መሆኑ በሰኔ 5 ቀን 1966 ታየ። ዩጂን ሰርናን ከጀሚኒ 9 የወጣው ለመንሳፈፍ ሳይሆን ሥራ ለመሥራት ነበር። ወደ መንኮራኩሩ የኋላ ክፍል ተጉዞ በዚያ የተቀመጠውን በጀርባ የሚታዘል የመንቀሳቀሻ መሣሪያ ለብሶ እንዲሞክር ታቅዶ ነበር። ክብደት በሌለበት ሁኔታ የሚደገፍበትና እግሩን የሚያሳርፍበት በቂ ቦታ አልነበረውም። አንድ ነገር ባዞረ ቁጥር እሱ ራሱ በተቃራኒው ይዞራል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከተወጠረው ልብስ ጋር ግብግብ ነበር። የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 180 አሻቀበ።

ልብሱን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚነፍስ ኦክስጅን ብቻ በመሆኑ ይህን ሁሉ ሙቀትና ላብ ማስወገድ አልቻለም። ላቡ ተንኖ በራስ ቁሩ መስተዋት ላይ ጉም ሆኖ ስለተጋገረ ሰርናን ማየት ተሳነው፤ በአፍንጫው ጫፍ መስተዋቱን እየጠረገ በትንሽ ቀዳዳ ለማየት ሞከረ። ሥራው እንዲቋረጥ ተወስኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ በከፍተኛ ድካም ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ይህ ክስተት ሁለት ለውጦችን አስከተለ። የመጀመሪያው በሥልጠና ረገድ ነው። ጠፈርተኞች በውኃ ገንዳ ውስጥ እንዲለማመዱ የተደረገ ሲሆን፣ በመንኮራኩሩ ላይም የእጅ መያዣና የእግር ማሳረፊያ ተጨመረ። በዚህ መንገድ የሠለጠነው በዝ አልድሪን በኅዳር 1966 በጀሚኒ 12 ሥራውን ያለ ችግር አከናውኗል። ሁለተኛው ለውጥ በልብሱ ላይ የተደረገ ነው። በእንግሊዝ ፋርንቦሮ የአቪዬሽን ምርምር ማዕከል ለአብራሪዎች የተጀመረው በውኃ የሚያቀዘቅዝ የውስጥ ልብስ ለጨረቃ ጉዞ ተወሰደ። ይህ ልብስ 90 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የተሰፉበት ሲሆን፣ በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ቀዝቃዛ ውኃ ሙቀቱን ከቆዳ ላይ እየወሰደ ያስወግዳል። ጠፈርተኛው እንዲያልበው ሳይጠበቅ ሙቀቱ ከምንጩ ስለሚወሰድ የመስተዋት መጎምም ሆነ የሰውነት ፈሳሽ መሟጠጥ ቀነሰ።

የጨረቃ ልብስና የልብስ ሰፊዎቹ እጅ

የጨረቃ ጉዞ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ የላቀ ልብስ ይጠይቅ ነበር። ለባሹ ከመንኮራኩሩ ጋር በቱቦ ሳይያያዝ በእግሩ መሄድ፣ ማጎንበስ፣ ድንጋይ ማንሳትና ቢወድቅ መነሣት አለበት። በጨረቃ ላይ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊበልጥ ይችላል፤ ጥላው ደግሞ ከዜሮ በታች እጅግ የወረደ ቅዝቃዜ አለው።

በ1965 የአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር ናሳ ሦስት ኩባንያዎች ያቀረቧቸውን ልብሶች አወዳደረ። ያሸነፈው በዴላዌር ግዛት ዶቨር ከተማ የሚገኘው ኢንተርናሽናል ላቴክስ ኮርፖሬሽን ነው። ኩባንያው በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በጡት መያዣና በሌሎች የሴቶች የውስጥ ልብሶች አምራችነቱ ነበር። ለጦር አውሮፕላንና ለሚሳይል ሥራ የለመዱ መሐንዲሶች ይህን ምርጫ በጥርጣሬ ተመልክተውታል። ሆኖም ኩባንያው ሌሎቹ ያልነበራቸው ዕውቀት ነበረው፤ ጎማንና ጨርቅን አዋህዶ የሰውን ገላ ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ልብስ የመሥራት ልምድ።

ልብሱን በእጃቸው የሠሩት ሴት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። የሚፈቀድላቸው የስፌት ስህተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነበር። በፋብሪካ የልብስ ስፌት የተለመደው የመርፌ ቁልፍ አጠቃቀም በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ዋለ፤ በጨርቁ መካከል የተረሳ አንድ መርፌ አየር የሚይዘውን ክፍል ሊበሳ ይችላልና። ልብሶቹም በራጅ እንዲመረመሩ ተደረገ። ጓንቶቹ የሚሠሩት ከየጠፈርተኛው እጅ በተወሰደ ቅርፅ ላይ ነበር። ለአንድ ዋና ጠፈርተኛ ሦስት ልብስ ይዘጋጅለታል፤ አንዱ ለሥልጠና፣ አንዱ ለበረራ፣ አንዱ ደግሞ ለመጠባበቂያ።

ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ጥር 27 ቀን 1967 ከባድ አደጋ ደረሰ። በመሬት ላይ በተደረገ ልምምድ ወቅት በንጹሕ ኦክስጅን በተሞላው የአፖሎ 1 ክፍል ውስጥ እሳት ተነሥቶ ሦስቱም ጠፈርተኞች ሕይወታቸው አለፈ። ከሟቾቹ መካከል ከስድስት ዓመት በፊት ከባሕር የተረፈው ገስ ግሪሶምና የመጀመሪያው አሜሪካዊ የጠፈር ላይ ተጓዥ ኤድ ዋይት ይገኙበታል፤ ሦስተኛው ሮጀር ቻፊ ነበር። ከአደጋው በኋላ የልብሱ የውጭ ሽፋን ተለውጦ ከመስተዋት ክር በተሠራና በቴፍሎን በተለበጠ፣ እሳት በማይዘው ጨርቅ ተተካ።

በመጨረሻ የተገኘው ልብስ 21 ንብርብሮች ነበሩት። ከቆዳ ቀጥሎ በውኃ የሚያቀዘቅዘው ልብስ፣ ከዚያ አየር የሚይዘው ክፍል፣ ቀጥሎም ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚመልሱ ስስ የፕላስቲክ ንብርብሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሳት የማይዘው ሽፋን ይገኛል። የራስ ቁሩ መስተዋት ላይ የሚወርደው መከለያ የፀሐይን ብርሃን እንዲመልስ በስስ ወርቅ ተለብጧል። በጀርባ የሚታዘለው ሣጥን ኦክስጅን ያቀርባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ያጣራል፤ ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ የሬዲዮ ግንኙነትም ይሰጣል። በልብሱ ውስጥ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። አየሩ ንጹሕ ኦክስጅን በመሆኑ ይህ መጠን ለመተንፈስ ይበቃል፤ ዝቅ ማለቱም ልብሱ እንዳይወጠር ይረዳል። በዚህ መንገድ ለረጅም ጊዜ ሲያታግል የነበረው የግፊትና የእንቅስቃሴ ተቃርኖ ሚዛን አገኘ።

በሐምሌ 1969 ኒል አርምስትሮንግና በዝ አልድሪን ይህን ልብስ ለብሰው በጨረቃ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆዩ። ልብሱ ከነጀርባ ሣጥኑ በምድር ላይ 80 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝንም፣ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ለመሸከም አላስቸገረም። የመጨረሻዎቹ ሦስት ጉዞዎች ልብስ ደግሞ በወገብ ላይ እንዲታጠፍ ተደርጎ ተሻሻለ፤ ጠፈርተኞች በጨረቃ ተሽከርካሪ ላይ መቀመጥ ነበረባቸውና።

የዕድገቱን መጠን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የአንድ ሰው ታሪክ ነው። በ1966 በሁለት ሰዓት ሥራ አቅሙ ተሟጥጦ ማየት ተስኖት የተመለሰው ዩጂን ሰርናን፣ በታኅሣሥ 1972 የአፖሎ 17 አዛዥ ሆኖ በጨረቃ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ በድምሩ 22 ሰዓት ከመንኮራኩሩ ውጭ ሠርቷል። ሰውየው ያው ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ልብሱና የሥራው ዝግጅት ነበር።

ልብሱ ሳይኖር ሲቀር

የጠፈር ልብስ ጠቀሜታ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታ የታየው ልብሱ ባልተለበሰበት ጊዜ ነው። ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1964 ቮስሆድ በተባለች መንኮራኩር ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ስትልክ በቦታ ጥበት ምክንያት ያለ ጠፈር ልብስ ተጉዘው በሰላም ተመለሱ። በኋላም በሶዩዝ መንኮራኩሮች የሚጓዙ ሠራተኞች በጉዞ ላይ ልብሱን አለመልበሳቸው የተለመደ አሠራር ሆነ።

ሰኔ 30 ቀን 1971 ጆርጂ ዶብሮቮልስኪ፣ ቭላዲስላቭ ቮልኮቭና ቪክቶር ፓትሳየቭ በመጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ሠርተው በሶዩዝ 11 ወደ ምድር በመመለስ ላይ ነበሩ። የመንኮራኩሩ ክፍሎች ሲለያዩ አንድ የአየር ቫልቭ ያለጊዜው ተከፈተ። ከምድር ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የክፍሉ አየር ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወጥቶ አለቀ። መንኮራኩሩ በራሱ ሥርዓት በሰላም አረፈ፤ በሩን የከፈቱት የነፍስ አድን ሠራተኞች ግን ሦስቱንም ጠፈርተኞች በመቀመጫቸው ላይ ሕይወታቸው አልፎ አገኟቸው።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው ፈጣን ነበር። ሶኮል የተባለ ቀላል የመጠባበቂያ ልብስ ተሠርቶ በመስከረም 1973 በሶዩዝ 12 ሥራ ላይ ዋለ። ለልብሱና ለመሣሪያዎቹ ቦታ ለማግኘት የተጓዦቹ ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት እንዲቀንስ ተደረገ፤ ሦስት ሰው መጓዝ የተቻለው መንኮራኩሩ እንደገና ተሻሽሎ በ1980 ነው። የዚህ ልብስ የተሻሻለ ዓይነት እስከ ዛሬም በሶዩዝ የሚጓዙ ሁሉ በመነሻና በመመለሻ ላይ የሚለብሱት ነው።

ማጠቃለያ

የጠፈር ልብስ ዕድገት እንደሚያሳየው የአንድ ቴክኖሎጂ አስተማማኝነት የሚገኘው ስህተት ባለመፈጸሙ ሳይሆን እያንዳንዱ ስህተት ተመዝግቦ፣ ተመርምሮና ታርሞ ለቀጣዩ ሥራ በመዋሉ ነው። የፖስት የተቀደደ ልብስ፣ በሌዎኖቭ ላይ የተወጠረው ልብስና የሰርናን የጎመ መስተዋት ለተከታዮቻቸው መሻሻል ምክንያት ሆነዋል። በአንጻሩ ለብዙ ጊዜ አደጋ አለመድረሱ ብቻ የደኅንነት ማረጋገጫ ተደርጎ በተወሰደበት አጋጣሚ የሦስት ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል።

ሌላው ፍሬ ነገር ከፍተኛ ሳይንስ ከዕለት ተዕለት ሙያ የተነጠለ አለመሆኑ ነው። ሰው በጨረቃ ላይ እንዲራመድ ካስቻሉት መካከል ሮኬት የነደፉ ሳይንቲስቶች ብቻ ሳይሆኑ በመኪና ስፌት ላይ ጎንበስ ብለው ንብርብር ጨርቆችን በጥንቃቄ ያያያዙ የልብስ ሰፊ ሴቶችም ይገኙበታል። በጨረቃ ላይ የሠሩት አሥራ ሁለቱም ጠፈርተኞች ሕይወታቸውን በእነዚህ ባለሙያዎች ስፌት ላይ አሳርፈው ሠርተው በደኅና ተመልሰዋል።